የገረሴ ገበያና የጋሞ ደጋ ፍራፍሬ

ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ ወደ ጋሞ ደጋ የሚወጣውን መንገድ ይዞ ገረሴ የሚደርስ ነጋዴ፥ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ዓይነት አዝመራ ለመመልከት ይችላል። ከታች በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ ሙዝና ማንጎ፤ ከላይ በደጋው ደግሞ እንሰት፥ ገብስና ድንች፥ በአንዳንዱም ጓሮ ፖም ይገኛል። እነዚህ አዝመራዎች ጎረቤታሞች ቢሆኑም በአያያዝ ረገድ እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ የነጋዴውም ኪሳራ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ለጉብኝት የሚመረጠው ወቅት ከመስከረም 17 በፊት ያለው ሳምንት ነው። መስቀል በጋሞ ሕዝብ ዘንድ ማስቃላ ይባላል፤ «ዮ ማስቃላ» መባባልም የበዓሉ ሰላምታ ነው። ለእርዱ የሚሆነው ገንዘብና ቅቤ አስቀድሞ ሲጠራቀም ይከርማል። በአዲስ አበባ በሽመና የሚተዳደሩትም የአገሩ ተወላጆች ለበዓሉ ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ገበሬው ገንዘብ የሚሻው ከበዓሉ በፊት ነው። «ሒሳቡን ከመስቀል በኋላ እንተሳሰባለን» የሚል ገዢ በዚያ ሰሞን የሚሰማው አይኖርም፤ ቢሰማውም በሚቀጥለው ዓመት ሻጭ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ፖም በጋሞ ደጋ የተስፋፋው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቀድሞ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በጨንቻ ከተከሉት በኋላ ነው። ጨንቻ፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንበሩ ወደ አርባ ምንጭ እስኪዛወር ድረስ፥ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ተክሉ እንዲያብብ የብርድ ወራት ይሻል፤ በአገራችን ደጋ ግን ብርዱ እንደ አውሮፓ ክረምት ስላልሆነ፥ አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች ይስማሙታል። ገበሬውም ቅጠሉን በእጁ እየመለመለ እንዲያብብ ያግዘዋል። አና ያለ ሌላ ዝርያ አበባ ዱቄት በሚገባ አያፈራም፤ ዶርሴት ጎልደን አብሮት የሚተከለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ገዢው «ፖም» ብሎ ብቻ እንዳይገዛ ያስፈልጋል። አና ቶሎ ይለሰልሳል፤ ግራኒ ስሚዝ ግን በቀዝቃዛ ስፍራ ለወራት ይቆያል። ሁለቱን ደባልቆ በአንድ ጆንያ የሚሸጥ ሰው ሁለቱንም በርካሽ ሸጠ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የጭነቱ ጉዳይ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ የሚቆረጠው አረንጓዴ ሳለ ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስም 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የበሰለ ፖም ግን ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ይተነፍሳል፤ ይህም ጋዝ ሙዝን፥ ማንጎንና አቮካዶን የሚያበስለው ነው። ኪራይ ለመቆጠብ ሲባል ፖምና ሙዝ በአንድ ሸራ ሥር ቢጫኑ፥ ሙዙ ጅምላ ነጋዴው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ መብሰል ይጀምራል። ቅዝቃዜውም አንድ አይደለም፤ ፖም ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሲስማማው፥ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ልጣጩ ይጠቁራል። የአንድ ካሚዮን ኪራይ ማትረፍ የአንድ ጭነት ሙዝ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ይኸው ጠባይ ግን ለባለሱቁ ይጠቅማል። በመጋዘን ውስጥ በኬሮሲን ምድጃ ጭስ ሙዝ ማብሰል በከተማው የተለመደ ነው፤ የእሳት አደጋውና ሽታው ግን የታወቀ ነው። ጥቂት እጅ አረንጓዴ ሙዝ ብቻ ያለው ባለሱቅ፥ ሁለት ሦስት የበሰለ ፖም ጨምሮ በካርቶን ቢሸፍነው ያለ ጭስ ይበስልለታል።

ስለ ማሸጊያውም ማስታወስ ይገባል። በጆንያ የተጫነ ፖም ሲራገፍ ደህና ይመስላል፤ የተመታው ቦታ የሚቡናውና የሚለሰልሰው ግን ካደረ በኋላ፥ ባለሱቁ ገንዘቡን ከከፈለ ወዲያ ነው። በእንጨት ሣጥን፥ ከሥሩ ጭድ ተነጥፎ የመጣ ፖም ዋጋው ከፍ ቢልም የሚጣለው ያነሰ ነው። ገረሴ የሚወጣ ገዢ ባዶ ሣጥኖቹን ከአርባ ምንጭ ይዞ ቢሄድ፥ በስንት ሣጥን ስንት ብር እንደሚከፍልም ገና ፍሬው ከዛፉ ሳይወርድ ከገበሬው ጋር ቢዋዋል ይሻለዋል።