መኪናችንን እናንብብ

ሐዋሳ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሞያሌ የሚደርሰው አውራ ጎዳና በዚህ ያልፋል። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሲዳማ ቡና በመኪና ወደ ሰሜን ይወጣል። ሲሚንቶና ብረት ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሰው ደግሞ ከመናኸሪያው ተሳፍሮ ወደ ዲላ፣ ወደ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሻሸመኔ ይሄዳል።

መኪና ባለበት ሁሉ መኪና ወዳድ አለ። እኛም ከእነሱ ወገን ነን። ከመካከላችን ሹፌር አለ፤ ረዳት አለ፤ ጎሚስታ አለ፤ በያጅ አለ። የራሱ መኪና ሳይኖረው ድምፅ ሰምቶ ብቻ "ይሄ አይሱዙ ነው፤ ያ ኤንትሬ ነው" የሚልም አለ። ተራ እስኪደርስ ሻይ ይዘን የምናወራው ስለ መኪና ነው። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል። ግን ብዙ ትምህርት አለበት። እስቲ አብረን እንየው።

ስሙ ከየት መጣ?

"ኤንትሬ" ስንል ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለውን የጣሊያን ጭነት መኪና ማለታችን ነው። "ኤን" ፊደል ነው። "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። የፊያት 682 ዘር መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው።

ከእሱ በፊት "ትሬንታ ኳትሮ" ነበረ። ትርጉሙ ሠላሳ አራት ነው። ፊያት 634 ከሚለው መጠሪያ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ወስደው ነው ስም ያወጡለት። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ብዙ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። የመኪናው ቋንቋ ግን እዚሁ ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ዛሬ የጃፓን መኪና የሚነዳውም በእነዚሁ ቃላት ይግባባል።

የእጃችን ሥራ

መናኸሪያ ውስጥ "ቅጥቅጥ" የምንለውን መኪና ተመልከቱት። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ብረቱ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲና ሞተር ይወሰዳል። በላዩ ላይ ብረት ይበየዳል። ላሜራ ይለብሳል። ወንበር ይገጠማል። ጭነት እንዲጭን የተሠራው መኪና ሰው የሚጭን አውቶቡስ ይሆናል። ይህን ሥራ የአገራችን ጋራዦች በእጃቸው ሲሠሩት ኖረዋል።

ያረጀ መኪናም ዝም ብሎ አይጣልም። ባሌስትራው ወደ ብረት ቀጥቃጭ ይሄዳል። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ቢላና መጥረቢያ ይወጣዋል። ጎማው በረባሶ ጫማ ይሆናል። ከመነዳሪው ይቆረጥና ዕቃ ማሰሪያ ይሆናል።

ልጆችም የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። ከሽቦ ሻንሲ ያጥፋሉ። ከውሃ ፕላስቲክ ክዳን ጎማ ይሠራሉ። ረጅም ሽቦ ቀጥለው ጫፉ ላይ መሪ ያደርጉለታል። ከዚያማ በአፋቸው ሞተር እያስነሱ ሰፈሩን ይዞሩታል። ስንቱ ሹፌር በሽቦ መኪና ጀምሯል!

የመኪና ገላ ደግሞ ሰሌዳ ነው። ኋላው ላይ "ርቀትህን ጠብቅ" ተብሎ ይጻፋል። አንዱ የጻድቅ ስም ያጽፋል። ሌላው የአላህን ስም ያጽፋል። የልጁን ስም የሚያጽፍም አለ። አዲስ ፊደል የለየ ሰው መናኸሪያውን ዞር ዞር ብሎ ቢያነብ የአንድ ቀን ትምህርት ያገኛል።

ጎማ ይናገራል

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጽሑፍ ግን ጎማው ላይ አለ። ብዙ ሰው አያየውም።

ጎናቸው ላይ 7.50 እና 16 የሚል የተጻፈባቸው የአይሱዙ ጎማዎች አሉ። 7.50 የጎማው ስፋት ነው። 16 የቸርኬው ስፋት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ተለክቶ ማለት ነው። ሁለቱም የሚለኩት በኢንች ነው። ጎማው ከቸርኬው ጋር ካልተስማማ አይገጠምም።

ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ። ዲ፣ ኦ፣ ቲ የሚባሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ፈልጉ። እነሱን ተከትሎ ከሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። በአንዱ ጎን ካጣችሁት በሌላው ጎን እዩ። ይህ የጎማው የልደት ቀን ነው። ለምሳሌ 2519 ቢል፣ 25 ሳምንቱ ነው፤ 19 ዓመቱ ነው። ጎማው በ2019 በ25ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! 19 የሚለው የእኛ 2019 ዓ.ም. አይደለም። አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው። በእኛ ሲቆጠር ጎማው የተሠራው በሰኔ 2011 ዓ.ም. ነው። ይህን ያልለየ ሰው ያረጀውን ጎማ አዲስ ነው ብሎ ይገዛል። አራት ሳይሆን ሦስት አሃዝ ብቻ ካለበትማ ጎማው ከአውሮፓ 2000 በፊት የተሠራ ነው። አይገጠም!

ላስቲክ ሳይሠራበትም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል። ይሰነጠቃል። ጥርሱ ቢኖርም ጉልበቱ አልቋል። ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ ይለወጥ ይላሉ። የፊት ጎማ በጉዞ ላይ ቢፈነዳ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። መኪናው ከሹፌሩ እጅ ሊወጣ ይችላል። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ሰው ነው፤ እናት ናት፣ ልጅ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ጎማ ያብረቀርቃል። ሻጩም "አዲስ ነው" ሊል ይችላል። እናንተ ግን ቁጥሩን አንብቡ።

አንድ መኪና፣ አንድ ደብተር

ነባር ሹፌሮች ስለ መኪና የሚያውቁት ብዙ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ መርገጥ እንደማይበቃ ያውቃሉ። ፍሬን ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር በከባድ ማርሽ ይገባሉ። በድምፅ ብቻ የትኛው ዕቃ እንደላላ ይለያሉ። ይህ ሁሉ ዕውቀት በጭንቅላታቸው ነው ያለው። ሰውየው ሥራ ሲያቆም ዕውቀቱም አብሮት ቤት ይገባል። ያሳዝናል!

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ እንላለን። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይግዛ። አምስት ዓምድ ይሰመርበት፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተለወጠው ዕቃ፣ ዋጋው። ዘይት ሲለወጥ ይጻፍ። ጎማ ሲገጠም አራቱ አሃዞች ይጻፉ። "ዘይት መቼ ተለወጠ?" ተብሎ ሲጠየቅ "ያኔ፣ ከፋሲካ በፊት" ማለት አይበቃም። ሞተር የሚቆጥረው በዓል ሳይሆን ኪሎ ሜትር ነው።

ማን ይጻፍ? ረዳቱ ይጻፍ። ጋሼ ሹፌሩ ይንገሩት፤ እሱ ይጻፍ። በቀን አንድ መስመር ይበቃል። ረዳቱ ነገ መንጃ ፈቃድ ሲያምረው የጽሑፍ ፈተና ይጠብቀዋል። ደብተሩ ላይ የለመደ እጅ ያን ጊዜ አይንቀጠቀጥም። መኪናውም ይጠበቃል፤ ሰውም በሰላም ይገባል።

ጥያቄዎች

1. "ኤንትሬ" ማለት ምን ማለት ነው?
2. ጎማ ላይ 0721 የሚል ቢኖር፣ ጎማው በእኛ አቆጣጠር መቼ ተሠራ?
3. የምትሠሩበት ወይም የምትሳፈሩበት መኪና ላይ ምን ተጽፏል? ጻፉትና ለጓደኛችሁ አንብቡለት።

የ2ኛው ጥያቄ መልስ፦ በየካቲት 2013 ዓ.ም.።