መንታው ጀልባና የጣና ታንኳ፦ የወዳጆች ፉክክር ሳይንስ

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ወንዝ አያጡም። ፈጣምና ብር በክረምት ደፍርሰው፣ ድንጋይ እያንከባለሉ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ፤ በጋ ሲገባ ደግሞ እረኛው ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገራቸዋል። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ጀልባ አይወዳደርም። የምዕራብ ጎጃም ሰው የውሃ ላይ እሽቅድምድም ካማረው ፊቱን ወደ ሰሜን ማዞር አለበት፤ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደሚገባበት ወደ ጣና። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የደንገል ታንኳ አለ። ታንኳ ባለበት ደግሞ ሁለት ቀዛፊዎች አንድ አቅጣጫ ከያዙ ማን ቀድሞ ይደርሳል መባባሉ አይቀርም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የቀደመው በክንዱ ነው? በታንኳው ነው? በነፋሱ ነው? ወይስ አጠገቡ የሚቀዝፍ ሰው ስላለ ብቻ ነው? ፊዚክስም ሥነ ልቦናም ይህን ሲመረምሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው ደግሞ በሌላው ዓለም የጀልባ ክበቦች እጅግ የሚወደደው ካታማራን የተባለው መንታ ጀልባ ነው።

ካታማራን ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ተራርቀው፣ በአግዳሚዎች ተያይዘው፣ ከላያቸው ምሰሶና ሸራ የቆመበት ጀልባ ነው። ለውድድር የሚሠራው ሞተር የለውም፤ የሚገፋው ነፋስ ነው። ከትንንሾቹ መካከል ስመ ጥሩው ሆቢ 16 ይባላል። በ1960ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ሆቢ አልተር የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ይህ ጀልባ 5 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ወርዱ 2 ሜትር ከ41 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሁለት ሰው ይዞ፣ ነፋሱ ከተመቸው፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል።

ይህ ፍጥነት ከየት መጣ? መልሱ ጀልባው ራሱ በሚፈጥረው ሞገድ ውስጥ ነው። ማንኛውም ጀልባ ሲሄድ ውሃውን ከፊቱ ይገፋል፤ የተገፋው ውሃ ሞገድ ይሆናል። ጀልባው በፈጠነ ቁጥር ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ይረዝማል። በመጨረሻ ርቀቱ ከጀልባው ርዝመት ጋር እኩል ይሆንና አፍንጫው በአንዱ ሞገድ ጫፍ፣ ጭራው በሌላው ጫፍ ላይ ያርፋል። ከዚህ በላይ ለመፍጠን ጀልባው ራሱ የሠራውን ዳገት መውጣት አለበት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን በትንንሽ የጀልባ ሞዴሎች እየጎተተ ለካ። ከዚያ ሥራ የተገኘውን ስሌት ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ የጀልባውን ርዝመት በሜትር ወስዶ ካሬ ሥሩን በ4.5 ማባዛት ነው። ለ5 ሜትር ጀልባ ውጤቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ወፍራም ሆድ ያለው ጀልባ እዚህ ላይ ይታገዳል፤ ጉልበት ቢጨመርለትም የሚጨምረው ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቀጭን ቀፎ ግን ውሃውን ብዙም ስለማይገፋው የሚፈጥረው ሞገድ ትንሽ ነው፤ ዳገቱም እንደዚያው። ችግሩ ቀጭን ጀልባ ብቻውን መቆም አለመቻሉ ነው፤ ሸራ ቢተከልበት ወዲያው ይገለበጣል። የካታማራን ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀጫጭኖችን አራርቆ በማጣመር ቅጥነቱን ከሰፊ መቆሚያ ጋር አገናኘው። ነፋሱ ሲበረታ አንዱ ተሳፋሪ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ እግሩን በጀልባው ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ መላ አካሉን ከውሃው በላይ ወደ ነፋሱ ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ በነፋሱ በኩል ያለው ቀፎ ከውሃው ብድግ ይላል። ጀልባው በአንድ ቀፎ ብቻ ሲሄድ ውሃው የሚነካው አካል ስለሚቀንስ ሰበቃውም ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል። ትንሽ ካለፈ ግን ይገለበጣል። ስለዚህ መሪ የያዘው ሰው የሸራውን ገመድ ለቀቅ ሳብ እያደረገ ያን ቀጭን መስመር ይጠብቃል። ጥሩ ተወዳዳሪን ከመካከለኛው የሚለየው ይህ እጅ ነው ብል አላጋነንኩም።

የመንታ ጀልባ ፉክክር ታሪኩ ረጅም ነው። ሰር ዊሊያም ፔቲ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1662 አየርላንድ ውስጥ ሁለት ቀፎ ያለው ጀልባ ሠርቶ በማግሥቱ ዓመት ደብሊን ላይ ከሌሎች ጋር አወዳድሮታል። እ.ኤ.አ. በ1876 ደግሞ ጀልባ ሠሪው ናትናኤል ሄሬሾፍ «አማሪሊስ» የተባለች ካታማራኑን ይዞ ኒው ዮርክ ላይ ቀረበና ተፎካካሪዎቹን ጥሏቸው ሄደ። የተሸነፉት አቤት አሉ፤ መንታ ጀልባም ከዚያ በኋላ ከመደበኛ ጀልባ ጋር እንዳይወዳደር ተደረገ። ውሳኔው ቅናት ያለበት ቢመስልም ቁም ነገር አለው። የማይመሳሰሉ ጀልባዎች ሲወዳደሩ የሚታወቀው የጀልባው እንጂ የሰውየው ብልጫ አይደለም።

የሆቢ 16 ባለቤቶች ይህን ጉዳይ በጥብቅ ነው የያዙት። ጀልባው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሸራው አንድ ዓይነት ነው። የሁለቱ ተሳፋሪዎች ክብደት ተደምሮ ከ129 ኪሎ ግራም ካነሰ ጉድለቱን የሚሞላ ክብደት ተጭነው ይወዳደራሉ። በዓለም ሻምፒዮናው አዘጋጁ ጀልባዎቹን ራሱ ያቀርብና ተወዳዳሪዎቹ እየተቀያየሩ ይጋልቧቸዋል። ይህ የስፖርት ሕግ ብቻ አይደለም፤ የሳይንሳዊ ሙከራ ሥርዓት ነው። ሁሉን እኩል ካደረግህ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የምትፈልገው ልዩነት ነው። በአንድ ክበብ ውስጥ በየሳምንቱ የሚፎካከሩ ሁለት ጓደኛሞች የሚጠቀሙትም ከዚህ ነው። አንዱ ምሰሶውን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሎ ይመጣል፤ ሌላው እንደነበረው ይተወዋል፤ ጎን ለጎን ሄደው ያዩታል። ሐይቅ ላይ ነፋሱ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ የእጅ ሰዓት ብቻውን ብዙ አይናገርም። አጠገብህ ያለው፣ ያው ነፋስ የሚመታው ጓደኛህ ነው መለኪያህ።

ተፎካካሪው መለኪያ ብቻ ሳይሆን ጉልበትም ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት ብስክሌተኞች ብቻቸውን ከሚጋልቡ ይልቅ ከሌላ ጋር ሲጋልቡ እንደሚፈጥኑ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1898 ጥናት አሳተመ። 40 ልጆችን የዓሣ ማጥመጃ መዘውር ብቻቸውንና ጎን ለጎን እንዲያዞሩ አደረገ። 20ዎቹ ጓደኛ ሲኖራቸው ፈጠኑ፤ 10ሩ ለውጥ አላሳዩም ማለት ይቻላል፤ 10ሩ ግን ተረብሸው ባሱ። የመጨረሻዎቹን 10 ልጆች መርሳት አይገባም፤ ፉክክር ሁሉን ሰው አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጋቪን ኪልዳፍ የተባለ ተመራማሪ የሩጫ ክበብ አባላትን ውጤት መረመረ። ሯጮቹ ባላንጣዬ የሚሉት ሰው ባለበት ውድድር በኪሎ ሜትር ወደ 5 ሰከንድ ገደማ ፈጥነው ተገኙ። ባላንጣ የሚሆነውም ማንም እንግዳ ሰው አይደለም፤ በዕድሜም በችሎታም የሚቀራረብ፣ ደጋግመው የተገናኙት ሰው ነው። ለጎጃም ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። ጉግስ የሚጋልብ ፈረሰኛ ከማን ጋር ሲገጥም እንደሚብስበት ያውቃል፤ ከማያውቀው ሰው ሳይሆን አብሮት ካደገ ጓደኛው ጋር ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። ደንገል ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጋድመው በልጥ ይጠፈራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። በዚህ ሙያ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ሦስት ማዕዘን ያለው አገዳ ነው። ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ አየር ነው። ታንኳው የሚንሳፈፈው እንደ እንጨት ጀልባ ሆዱ ጎድጉዶ ውሃ ስለማያስገባ ሳይሆን አካሉ ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው። ውሃ በመካከሉ ቢያልፍም አይሰምጥም። ነገር ግን ውሎ ሲያድር ውሃው በቀዳዳዎቹ እየገባ አየሩን ያስወጣል፤ ታንኳው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፣ ይዘገያል። ዕድሜው ቢበዛ ወራት ነው።

ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል «ራ» ለተባለችው ጀልባው ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች ግብጽ ውስጥ ገነቧት፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ጥቂት ሲቀራት ጭራዋ ውሃ ጠጥቶ ተበተነች። በማግሥቱ ዓመት የተሠራችው «ራ 2» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰች። ሁለተኛዋን የሠሯት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት ሰዎች ሲሆኑ አሠራሯም ሁለት ታላላቅ የደንገል ጥቅሎችን በመካከላቸው ባለ ቀጭን ጥቅል ላይ አጥብቆ ማጣመር ነበር። ሁለት አካል ጎን ለጎን ሲያያዝ እንደሚጸና የሸምበቆ ባለሙያዎች የዛሬ ካታማራን የሚሠራበት ፋይበር ግላስ ከመምጣቱ እጅግ ቀድመው ያውቁ ነበር።

ጣና ላይ ካታማራን ቢገባ እንዴት ይሄዳል? ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር የአየሩ ጥግግት አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሸራ የሚያገኘው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚሰጠውን ኃይል ለማግኘት ጣና ላይ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ያስፈልጋል። ይህ መሰናክል አይደለም፤ ሸራውን ትንሽ ማስፋት ይፈታዋል። ነፋሱም ልማድ አለው። ጠዋት ሐይቁ ይረጋል። ፀሐይ ስትጠነክር የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ይመጣል። ታንኳ ቀዛፊው ንጋት ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ለሸራ ግን ከሰዓቱ ነው የሚመቸው።

ሸራው እስኪመጣ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። የፊዚክስ መምህር ሁለት ቀዛፊና ሁለት ታንኳ ካገኘ ሙሉ ትምህርት ማስተማር ይችላል። ቀዛፊዎቹ አንድ ጊዜ ይወዳደሩ፤ ከዚያ ታንኳ ተቀያይረው እንደገና ይወዳደሩ። አሸናፊው ያው ሰው ከሆነ ብልጫው የክንድ ነው፤ ድሉ ከታንኳው ጋር ከዞረ ደግሞ ታንኳዎቹ ይመዘኑ፤ የትኛው ውሃ እንደጠጣ ይታያል። ደጋግሞ ማወዳደርና የሁሉንም ውጤት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የአንድ ቀን ውጤት ነፋስም ሊሰጠው ይችላል። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ለሚመጣ ተማሪ ከጣና ይቀርባል፤ ኃላፊዎቹ ቢፈቅዱ ለእንዲህ ያለ ልምምድ ይበቃል።

የምጨነቅበት አንድ ነገር አለ። ደንገሉ በእርሻ መስፋፋትና ያለልክ በመታጨዱ እየሳሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳርቻ ወርሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ መስፈሩ ብቻውን ደንገል አያበቅልም። ታንኳ የሚሠራ ሰው ታንኳ የሚፈልግ ሰው ሲያጣ ሙያውን ይተዋል። በየዓመቱ በታወቀ ቀን የሚደረግ፣ እኩል ርዝመት ባላቸው አዳዲስ ታንኳዎች የሚካሄድ ውድድር ለሠሪው ገበያ፣ ለደንገሉ ጠባቂ ይፈጥርለታል። የክልሉ ስፖርትና ባህል ቢሮዎች፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ በዳርቻው ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን በአንድ የበጋ ወቅት ሊጀምሩት ይችላሉ። ሲጀምሩት ለእያንዳንዱ ቀዛፊ የሕይወት አድን ጃኬት ያዘጋጁ፤ ውድድሩንም ነፋሱ ሳይነሣ፣ በጠዋት ያድርጉት።