ቦይንግ እና ኤርባስ፦ ፉክክሩ ከክንፍ ሥር

ከመቶ ሃምሳ ሰው በላይ የሚጭን ጄት መግዛት የሚፈልግ አየር መንገድ የሚያንኳኳው በር በአብዛኛው ሁለት ብቻ ነው፤ የአሜሪካው ቦይንግና የአውሮፓው ኤርባስ። ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ሎክሂድ በ1980ዎቹ (ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው) ከገበያው ወጣ፤ ማክዶኔል ዳግላስም በ1997 ከቦይንግ ጋር ተዋሐደ። በ1970 የተመሠረተው ኤርባስ ደግሞ ለመጀመሪያ አውሮፕላኑ ለኤ300 አሜሪካ ውስጥ ገዢ አጥቶ ነበር። በ1977 አራቱን ለኢስተርን አየር መንገድ ያለ ኪራይ ለስድስት ወር ሰጠ። ኢስተርን ሞክሮ ወደዳቸው፤ በተከታዩ ዓመት 23 ገዛ።

የሰው ዓይን የሚያርፈው እንደ ኤ380 ባሉት ግዙፎች ላይ ነው። ዋናው ትግል ያለው ግን በመቀመጫዎቹ መካከል አንድ መተላለፊያ ብቻ ባላቸው በቦይንግ 737 እና በኤርባስ ኤ320 መካከል ነው። ሁለቱን ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ያየ ሰው 737 ወደ መሬት ቀረብ ማለቱን ያስተውላል። በ1967 መጀመሪያ ሲበር ብዙ ትንንሽ ኤርፖርቶች በቂ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ሻንጣ ጫኙም መካኒኩም በቀላሉ እንዲደርሱበት ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ተሠራ። የዚያን ዘመን ሞተር ቀጭን ስለነበር ከክንፉ ሥር ቦታ አልጠበበውም። ኤ320 የበረረው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው፤ እግሩም ረዘም ያለ ነው።

ይህ የቁመት ልዩነት ውሎ አድሮ ብዙ አስከፍሏል። ብዙ አየር በዝግታ ወደ ኋላ የሚገፋ ሞተር፣ ጥቂት አየር በፍጥነት ከሚገፋው ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሞተሮች ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፉ መጡ። ኤርባስ በ2010 መጨረሻ ለኤ320 ሰፊ ሞተር እንደሚገጥም አስታወቀ። በሐምሌ 2011 አሜሪካን ኤርላይንስ፣ የቦይንግ የቅርብ ደንበኛ፣ 260 የኤርባስ አውሮፕላኖችን አዘዘ። አዲስ አውሮፕላን ከባዶ ለመንደፍ ሲያስብ የነበረው ቦይንግ ሐሳቡን ለወጠና ወዲያው 737 ማክስን ይፋ አደረገ።

አዲሱ ሞተር ግን ከዝቅተኛው ክንፍ ሥር እንደልብ አልገባም። ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍቶ ተሰቀለ፤ ይህም በአንዳንድ ሁኔታ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ እንዲያዘነብል አደረገ። ያንን ለማረም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ፤ በአንድ ሴንሰር ብቻ ተመርቶ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ። የ737 አብራሪዎች ሲሙሌተር ውስጥ ሳይሠለጥኑ ማክስን ማብረር እንዲችሉ ተፈልጎ ስለነበር፣ መመሪያቸው ስለ ኤምካስ አልነገራቸውም።

በጥቅምት 2018 የላየን ኤር ማክስ በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ 189 ሰዎችን ይዞ ወደቀ። በመጋቢት 2019 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ፣ በረራ 302፣ ከቦሌ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደበረረ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎች አለቁ። በሁለቱም የተሳሳተ የሴንሰር መረጃ ኤምካስን ቀስቅሶታል። ይህን የቴክኒክ ስህተት ብቻ ብሎ ማለፍ ለሟቾቹ ፍትሕ መንፈግ ይመስለኛል። ደንበኛ እንዳያመልጥ የተደረገው ጥድፊያ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ማክስ በአሜሪካ ሃያ ወር ታገደ። በ2019 ኤርባስ 863፣ ቦይንግ 380 አውሮፕላኖችን አስረከቡ። ሆኖም ቦይንግን ትቶ መሄድ ቀላል አይደለም፤ አብራሪና መካኒክ እንደገና ይሠለጥናል፣ መለዋወጫ ይቀየራል፣ የኤርባስ ወረፋም ዓመታት ያስጠብቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ በኅዳር 2023 ከቦይንግ 20 ማክስና 11 ድሪምላይነር፣ ከኤርባስ 11 ኤ350 ለማዘዝ ተስማምቷል።

ሦስተኛ በር ለመክፈት የቻይናው ኮማክ ሲ919ን በ2023 መንገደኛ ማሳፈር አስጀምሯል። የሚበረውም በሊፕ ሞተር ነው፤ ማክስን በሚያበረውና ከአዲሶቹ ኤ320ዎች ብዙዎቹ በሚጠቀሙበት የሞተር ቤተሰብ።