ሐኪሙ የጻፈው፣ ሻጩ ያነበበው

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም የጻፈው የመድኃኒት ማዘዣ ፋርማሲው ውስጥ አይቀርም። የታማሚው ስም ይወጣና የሐኪሙ ማንነት፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ለመረጃ ነጋዴዎች ይሸጣል። አይኤምኤስ ሄልዝ ከእነዚህ ነጋዴዎች ስመ ጥሩው ነበር። አምራቾች መረጃውን ይገዙና ማን ምን ያህል እንደሚያዝ በስም ያውቃሉ።

ፐርዱ ፋርማ የተባለው መድኃኒት አምራች በ1996 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦክሲኮንቲን የተባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ለገበያ ሲያቀርብ ወኪሎቹን የላከው በዚህ መረጃ እየለየ ማስታገሻ አብዝተው ወደሚያዙት ሐኪሞች ነው። እስከ 2001 ድረስ ከ5,000 በላይ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ወጪያቸው ተሸፍኖ ከ40 በሚበልጡ ጉባኤዎች ላይ ተገኙ። ለጀማሪ ታማሚ ከ7 እስከ 30 ቀን የሚበቃ ነጻ መድኃኒት የሚያሰጥ ኩፖንም ታደለ። በ1996 48 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጭ በ2000 ወደ 1.1 ቢሊዮን ተጠጋ።

ወኪሎቹ በሱስ የሚያዘው ታማሚ ከመቶ አንድ አይሞላም ይሉ ነበር። ለዚህ አባባል በሰፊው ሲጠቀስ የኖረው በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚያወራው ግን ሆስፒታል ስለተኙ ሰዎች እንጂ ቤታቸው ሆነው ለወራት ስለሚውጡት አልነበረም። በ2007 የፐርዱ እህት ኩባንያና ሦስት የፐርዱ ኃላፊዎች ጥፋተኝነታቸውን አምነው 634.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ፤ እስር ቤት የገባ ግን የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ከነጋዴዎች የሚገዛው የማዘዣ መረጃ ነው። አንድ ሐኪም ከልክ በላይ ማዘዙን ሲያሳይ፣ ለጤና ተቆጣጣሪ የአደጋ ደወል ነው፤ ለሻጭ ግን የምርጥ ደንበኛ አድራሻ ነው። ከጥፋተኝነቱ ቃል ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት ፐርዱን ብዙ በሚያዙት ላይ ይበልጥ እንዲያተኩር መከረው። ከእነዚህም መካከል ያለ በቂ የሕክምና ምክንያት የሚያዙ ነበሩበት። ማኪንዚ ለዚህ በ2024 650 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

መረጃውን በሕግ ለመገደብ የሞከሩ ነበሩ። ቨርሞንት ግዛት በ2007 ያወጣችውን ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011፣ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ያ ሕግ ማዘዣው ለሽያጭ ቅስቀሳ ከመዋሉ በፊት የጠየቀው የሐኪሙን ፈቃድ ብቻ ነበር።