የኢሜይል ተጠቃሚን ወደሚገባው ሰርቨር ስለ መምራት

ብዙ ሰርቨሮች በኅብረት በሚሠሩበት የኢሜይል አገልግሎት፣ ተጠቃሚውን ወደ የትኛው እንምራው? ቀላሉ ዘዴ፣ ዲኤንኤስ የተባለው የስም መዝገብ አድራሻዎቹን በየተራ እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ ዳሩ ግን መዝገቡ ብቻውን የወደቀውን ሰርቨር ከደኅናው አይለይም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስአርቪ ደንብ ለየሰርቨሩ የቅድሚያና የክብደት ቁጥር ሰጠ፤ በ2011 ይኸው ለኢሜይል ተጠቃሚዎችም ተደነገገ። የሚቀድመው አነስተኛ ቁጥር ያለው ነው፤ እርሱ ካልመለሰ ወደ ተከታዩ ይኬዳል። ቅድሚያቸው እኩል ሲሆን፣ ክብደቱ 3 የሆነው ክብደቱ 1 ከሆነው ሦስት እጥፍ ያህል ተጠቃሚ ይደርሰዋል።

ይሁን እንጂ የሰውየው ደብዳቤዎች በአንዱ ሰርቨር ብቻ ተቀምጠው ከሆነ፣ ሥራ የፈታው ሌላው ሰርቨር ምን ይፈይድለታል? ስለዚህ እኛ የምንመርጠው፣ ከፊት የቆመ ፕሮክሲ ስሙን ተቀብሎ ሣጥኑ ወዳለበት እንዲያሻግረው ነው። ይህ በረኛ ራሱ ከወደቀ ግን ሁሉም ደጅ ይቀራልና፣ ቢያንስ ሁለት በረኞች ያስፈልጋሉ።