የሕመምተኞች ማኅበርና የመሪው ተግባር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ስለሚያፍር ነውና፣ ኀፍረቱ የሚቀልበት ስፍራ ካላገኘ በምክር ብቻ አይገልጠውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ጆሴፍ ፕራት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን ከተማ ድኾች የሆኑ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን በየሳምንቱ ይሰበስብ ጀመር። በዚያን ዘመን ነቀርሳን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ የሚታዘዘው ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና መልካም ምግብ ነበር። እያንዳንዱ በሽተኛ የየቀኑን ሁኔታ በደብተር ጽፎ ያመጣል፤ ክብደቱም ይመዘናል። ሐኪሙ ያሰበው የጤና አጠባበቅን ለማስተማር ነበር፤ ሆኖም በአንድ መከራ የተያዙ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ተስፋቸው እንደሚታደስ አስተዋለ። በአገራችንም በእስቴ ወረዳ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1990ዎቹ፣ የነቀርሳ በሽተኞች በየሰፈራቸው ማኅበር አቁመውና መሪ መርጠው፣ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ተረዳድተዋል።

ዛሬ ይህ ዘዴ በኀዘን፣ በመጠጥ ሱስና በአእምሮ ጭንቀት ለተያዙም ያገለግላል። ሥርዐቱ ግን መጠበቅ አለበት።

አንደኛ፣ መሪው እያንዳንዱን ሰው አስቀድሞ ለብቻው ያነጋግር። ሁለተኛ፣ ሁሉም ለመናገር ተራ እንዲያገኝ ከ5 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ሦስተኛ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ስፍራው አይለዋወጥ። አራተኛ፣ በማኅበሩ የተነገረ ምስጢር ከደጅ እንዳይወጣ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቃል ይግባ። አምስተኛ፣ መሪው ብዙ የሚናገረውን በትሕትና ይግታ፤ ዝም ያለውን ይጋብዝ እንጂ አያስገድድ፤ ስድብና ነቀፋን ወዲያው ያቁም። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ቢገኝ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ያድርሰው።

ከሁሉ የሚከብደው የመሪው ዝምታ ነው። እኛም በውጭ አገር ስንማር የመጀመሪያውን ጉባኤ በመራንበት ቀን ጸጥታውን ፈርተን ሰዓቱን ሁሉ በንግግራችን ፈጀነው። ሲፈጸም ልጇ የሞተባት አንዲት ሴት ወደ እኛ ቀርባ፣ «ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለችን። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አላየናትም።

መምህራን ሆይ፣ ማስተማር ልማዳችሁ ነውና እንዲህ ያለውን ማኅበር እንድትመሩ ብትጠየቁ ይህን አስታውሱ። በትምህርት ቤት የምትመሰገኑት በመናገር ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን በመስማት ታድናላችሁ።