ሀሁን በቃሉ የሚያወርድ ልጅ ሁሉ ያነባል?

ቤት ውስጥ ፊደል የጀመረ ታናሽ ወንድም ካላችሁ ይህቺን ሞክሩ። ወረቀት መሃል አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አውጡና የፊደል ገበታው ላይ አስቀምጡት። ከዛ «ይቺ ማናት?» በሉት። ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚያንበለብለው ልጅ «ዴ»ን ብቻዋን ሲያያት ዝም ካለ፣ ወይ ደግሞ ከ«ደ» ጀምሮ እየቆጠረ ከደረሰባት፣ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሏን አይደለም።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም።

ታዲያ 231ዱንም ፊደል አንድ በአንድ ይሸምድድ? ኧረ አያስፈልግም! ቅርጹ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ሉ፣ ቡ፣ ሱ ላይ ጭረቷ ቀኝ ወገብ ላይ ናት፤ ሊ፣ ቢ፣ ሲ ላይ ወደ እግር ትወርዳለች፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ ላይ ደግሞ ትጠቀለላለች። ይህን ያስተዋለ ልጅ «ከ»ን ካወቀ «ኩ»ን ገምቶ ያገኛታል።

አስቸጋሪው ሳድስ ነው። ል፣ ብ፣ ር፣ ን ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ነው የሚሄዱት (ሩ እና ሪም ቢሆኑ ከመስመር ይወጣሉ)። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፤ ቤት፣ ላም፣ በግ፣ ድመት ያለ ሳድስ አይነበቡም።

ጥቂት ፊደል እንደለየም ሙሉውን ገበታ ሳትጠብቁ ቃል ይሥራ፦ «ላ» እና «ም»፣ ላም። ሀ፣ ሐ እና ኀን ግን ለጊዜው ተዉለት። ድምፃቸው አንድ ነው፤ ትልልቆቹም እስካሁን ኮሜንት ላይ ይጣሉባቸዋል።